የፊተኛው ረድፍ ቢላ

ሃቫና፣ ኤፕሪል 7 ቀን 1980፣ ሰኞ

ጠዋት ለፋብሪካው ሲጋር ጠቅላዮች ጋዜጣ ሳነብ ድምፄ ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀብኝ። ጉንፋን ነው ብያለሁ። ጋዜጣው ስለ ፔሩ ኤምባሲ ነው፤ አገር ለመልቀቅ አጥር ጥሶ ግቢውን የሞላው ሰው ሁሉ «ዝቃጭ» ተብሏል። ቃሉን ሳነብ አንድም ሰው ከቅጠሉ ቀና አላለም። ከመድረኩ ላይ የሚታየኝ ሲጋር ለመጠቅለል ያጎነበሰ አናት ብቻ ነው። ይሁንና ይህን ያህል ዓመት ካነበብኩላቸው በኋላ የትኛው አናት እንደሚያስብ፣ የትኛው እንደሚያንቀላፋ አውቃለሁ። ዛሬ ያንቀላፋ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ልብ ወለዱን ስከፍት ነፍሳቸው መለስ አለች። ዓሣ አጥማጁ ባህር ገብቶ ከቀረ ወዲህ ሚስቱ ደጅ ደጁን የምታይበት ምዕራፍ ላይ ነን። እህቴ ሚግዳሊያ ከፊተኛው ረድፍ «ይመለሳል!» ብላ ጮኸች። ከጎኗ የሚሠራው ሽማግሌው ፋኩንዶ ደግሞ «ምን ሊመለስ! ይኼኔ ዓሣው እሱን አጥምዶታል» አላት። በአንድ ጥሩ ሲጋር ተወራረዱ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ምዕራፉን ስዘጋ እንደ ወትሮው መጀመሪያ የመታችው እሷ ናት። እኛ ዘንድ ለአንባቢ በእጅ አይጨበጨብም፤ ቅጠል የሚቆረጥበትን ጠፍጣፋ ቢላ ሰሌዳው ላይ ይመቱለታል። ሚግዳሊያ ትጀምራለች፣ አዳራሹ ይከተላታል። እናታችንም በዚያው ወንበር፣ በዚያው ቢላ እንዲሁ ትጀምር ነበር። አንባቢ ሲጨርስ ዝምታ ላይ አይጣልም ትል ነበር።

ቢላ መሬት ሲጣል ግን ሌላ ነው። ከእኔ በፊት በነበረው አንባቢ ላይ ጣሉበት፤ ሳምንት ሳይሞላው ከመድረኩ ወረደ። የሚመርጡንም የሚያወርዱንም እነሱ ናቸው። በእኔ ላይ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ይህን ስጽፍ ትንሽ እየኮራሁ ነው፤ ልኩራ።

ኤፕሪል 23፣ ረቡዕ

ወደቡ ተከፈተ። ከፍሎሪዳ ጀልባ ያለው ሁሉ መጥቶ ዘመዱን መውሰድ ይችላል ተባለ። በየጥጉ ሹክሹክታ ነው።

ዳቦ ሰልፍ ላይ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ኤርሜሊንዳ «ይሂዱልን! ሰልፉ ያጥርልናል» አለች። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሚግዳሊያ ቤቴ ብቅ ካለች ሰነበተች። የባሏ የኤቬሊዮ ወንድም ፍሎሪዳ ነው። ጀልባ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። አልጠየቅሁም።

ኤፕሪል 28፣ ሰኞ

ጀልባ አለው።

ጓሮ ልብስ ሳጥብ መጣች። ምንም ሳትናገር ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ጎረቤት እንዳይሰማ መሆኑ ገባኝ።

«ኤሎ፣ ልንሄድ ነው።»

«ማን? የት?»

«የት እንደሆነማ ታውቂያለሽ። አታድክሚኝ።»

«አንቺን እዚያ ማን ያውቅሻል? ምን ልትሠሪ ነው? ቋንቋ አትችይ!»

«ሲጋር በየትኛው ቋንቋ ነው የሚጠቀለለው?» አለችና ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ማልቀስ ጀመረች። ኤቬሊዮን የአውቶቡስ ጋራዡ ካባረረው ሁለት ዓመት ሆነው፤ የወንድሙን ደብዳቤ ተቀበልክ ብለው ነው። ሰው ሆኖ መኖር አቃተው አለችኝ። እሷም ልጅ የላት፣ ያላት እሱ ነው።

«እኔስ?» አልኳት። በዕድሜያችን አንድ ቀን ሳንተያይ የዋልነው እኔ ለሸንኮራ ቆረጣ ዘመቻ የወጣሁ ጊዜ ብቻ ነው።

«አንቺ ያዲራ አለችሽ» አለችኝ።

ልጄ ያዲራ ዘንድሮ ሕክምና ለመግባት አመልክታለች። ሚግዳሊያ ይህን ያለችው ለማጽናናት ነው። እኔ ግን ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ ለመግቢያ የሚጠየቀው የፓርቲ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። እህቴ እያለቀሰች እኔ ስለ ደብዳቤ አሰብኩ።

ሜይ 1፣ ሐሙስ

ሰልፍ። ፀሐይ። መፈክር አስጮህኩ፤ ድምፅ ያለሽ አንቺ ነሽ ብለው ማጉያውን ሰጡኝ። «ዝቃጭ ይውጣ!» አሁን ድምፄ የለም። ሚግዳሊያ አልነበረችም፤ አሟታል አልኩ። ያዲራ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

ሜይ 5፣ ሰኞ

የፋብሪካው የፓርቲ ጸሐፊ አርሴኒዮ ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ፣ ቡና አስቀዳልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ባለፈው ዓመት እግሬን ስታመም በመኪናው ያመላልሰኝ ነበር።

«ጓድ ኤሎይና፣ እህትሽ የሥራ መልቀቂያ ጠይቃለች። ያለ መልቀቂያ ወደቡ አያስገባትም። ወረቀቱን አልከለክላትም፤ ግን እንዲሁ አይሰጥም፤ ስብሰባ ይደረጋል። ሌላ ፋብሪካ ምን እንደተደረገ ሰምተሻል።»

ሰምቻለሁ። አንዱን ሰውዬ አንገቱ ላይ ሰሌዳ ሰቅለው በግቢው አዙረውታል፤ ምራቅ ተፍተውበታል፤ አንድ ጥርሱ ወልቋል ይባላል።

«እኛ ጋ እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም» አለ። «መግለጫ ይነበባል፣ ወረቀቷን ትቀበላለች፣ ትወጣለች። አንባቢዋ አንቺ ነሽ። ከከበደሽ እኔ አነባለሁ።»

እሱ ሲያነብ አውቃለሁ፤ እንደሚቸነክር ሰው ነው። ሠራተኛውን ያነሳሳል፣ ከዚያ ማን ያቆመዋል? እኔ ካነበብኩት ግን ማለስለስ እችላለሁ። እሺ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስወጣ «ያዲራ እንዴት ናት? ሕክምና ነው አይደል ያሰበችው?» አለኝ። ለደግነት የጠየቀኝ ይመስለኛል።

ወረቀቱን ቤት አነበብኩት። «ትል»፣ «ዝቃጭ»፣ የተለመደው ስድብ ሁሉ አለ። መካከል ላይ ግን እንዲህ የሚል አለ፦ «በዚህ ሰሌዳ ላይ ወገቧን ያጎበጠች፣ በዚህ ቢላ ልጆቿን ያሳደገች፣ በድህነት ኖራ በክብር የሞተች እናቷን ዛሬ በአንድ ጀልባ ሸጠች።»

እናታችንን ያስታመመችው ሚግዳሊያ ናት። እኔ ያኔ ሸንኮራ ቆረጣ ላይ ነበርኩ፤ ለቀብሩም አልደረስኩም።

ሜይ 7፣ ረቡዕ

ነገርኳት። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ ብታነቢው ይሻላል» አለች። «አርሴኒዮ ካነበበው አዳራሹ ሁሉ እንቅልፍ ይወስደዋል።»

«አትቀልጂ፣ ሚግዳ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ትል በይኝ፣ ችግር የለም። ዝቃጭም በይኝ፤ ጋዜጣው አስለምዶኛል። የእማማን ግን ዝለይልኝ። ያችን አንዲት መስመር ብቻ። ሌላ አንድ ነገር አልለምንሽም።»

«እዘላለሁ» አልኳት። እጇን ይዤ፣ በእማማ ስም ነው ያልኳት።

ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለችና «እሺ፣ ዓሣ አጥማጁስ? ይመለሳል? አሁን እንኳ ንገሪኛ፣ እኔ እንደሆንኩ አልሰማው» አለችኝ።

መጽሐፉን ጨርሼዋለሁ፤ መጨረሻውን አውቃለሁ። አንባቢ ግን መጨረሻ አይናገርም ብዬ እንቢ አልኳት። መድረኩ ላይ ከወጣሁ ጀምሮ የጠበቅሁት ደንብ ነው።

«የደንብ ልጅ!» ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ።

ሜይ 9፣ ዓርብ

አነበብኩ። አለቀ። ጉሮሮዬን አሞኛል። ማር ፈልጌ አጣሁ።

ሜይ 10፣ ቅዳሜ

እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ብጽፈው ይሻላል።

ሥራ አስቁመው ሁሉንም በየሰሌዳው አስቀመጡት። እሷን ብቻ ቆመሽ ስሚ አሏት። ወንበሯ አጠገብ ቆመች፤ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጸጉሯን ተሠርታለች። አርሴኒዮ የመግለጫውን ሌላ ቅጂ ይዞ ከኋላዬ ተቀምጧል። ትንፋሹ ይሰማኛል።

ጀመርኩ። አለሳልሼ፣ ዝቅ አድርጌ። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዳሰብኩት ሄደልኝ፤ አንዳንዱ ቅጠሉን ይዳብስ ነበር፣ የተቆጣ አልነበረም። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ተፈታ። ሰሞኑን ሁሉ የዘጋኝ ጉሮሮዬ ክፍት አለ። ሁሉም ቀና ብሎ ያየኝ ነበር።

ከዚያ መስመሩ መጣ። ዓይኔ ዘለለው፤ ድምፄ ግን አልዘለለውም። «በዚህ ሰሌዳ ላይ ወገቧን ያጎበጠች» አልኩ። ከጀመርኩ በኋላ እንዴት ላቁም? አርሴኒዮ ወረቀቱን ይዞ ከኋላዬ አለ። ያዲራም አለች። ማንም በእኔ ቦታ ቢሆን ያው ነው።

ነገር ግን ለራሴ መዋሸት ምን ያደርግልኛል? ከጽሑፉ ሁሉ ያማረው ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር። ሦስት ጊዜ ከፍ ይልና መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ለድምፅ የተጻፈ ነው። እኔም እንደሚገባው አድርጌ አነበብኩት። «ሸጠች» ላይ ስደርስ ትንፋሽ እንኳ ሰጠሁት።

ስጨርስ ዝም አለ። አዳራሹ እንዲያ ዝም ብሎ አያውቅም። ከወደ ኋላ አንድ ቢላ መሬት ላይ ወደቀ። አምልጦት ይሆናል።

ያኔ ሚግዳሊያ ጎንበስ ብላ የእማማን ቢላ አነሳችና ሰሌዳውን መታች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ልክ ልብ ወለድ እንደጨረስኩ፣ ልክ እንደ ሁልጊዜው። ዓይን ዓይኔን እያየች። ፋኩንዶ ተከተላት፣ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፤ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ መቱ። አርሴኒዮ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ወረቀቷን ሰጣት። ቢላውን እዚያው ሰሌዳው ላይ ትታ ወጣች።

አሾፈችብኝ። በአዳራሽ ሰው ፊት አሾፈችብኝ! ሰው እንዴት እህቱን እንደዚያ ያዋርዳል?

ሜይ 14፣ ረቡዕ

ሄዱ።

ሥራ ውዬ ስመለስ ፖሊስ ደጃቸው ቆሟል፣ ሰፈሩ ተሰብስቧል። ኤርሜሊንዳ የሚወረወር እንቁላል ታድላለች። ባለፈው ሳምንት ለእንቁላል ስንጋፋ አንድ ለሦስት ደረሰን፤ ዛሬ ቅርጫት ሙሉ ከየት እንደመጣ እንጃ። ለእኔም ሁለት አስያዘችኝ። «ላንቺ እንኳ አዳልቼ ነው» አለችና ጠቀሰችኝ። ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው።

መጀመሪያ ኤቬሊዮ ወጣ። ከዚያ ሚግዳሊያ፣ ያችኑ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ። ምንም አልያዘችም፣ ምንም አያስይዙም። እንቁላሉ ሲዘንብ ራሷን አልሸፈነችም፤ ሰው ሰውን እያየች ትሄድ ነበር። እኔን እንደምትፈልግ ገባኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅሁ። ማሰሪያው አልተፈታም ነበር።

ቀና ስል መኪናው ውስጥ ገብተዋል። ሕዝቡ ወደፊት ሲገፋ እኔንም ገፋኝና እንቁላሎቹ ኪሴ ውስጥ ተሰበሩ። እግሬ ድረስ ወረደ።

ያዲራ ቀሚሱን ሳትጠይቀኝ አጠበችው። አስጥታ ስትመለስ «አክስቴን ተሰናበትሻት?» አለችኝ።

«ሰው በዝቶ ነበር» አልኳት።

ሜይ 19፣ ሰኞ

በራቸው በወረቀት ታሽጓል። በዚያ መንገድ ማለፍ ትቻለሁ።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ፋኩንዶ ግቢው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ካሁን በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አኖረልኝ፤ የእማማ ቢላ።

«ለአንባቢዋ ስጥልኝ ብላኛለች። የዚያን ቀን ጠዋት፣ ስብሰባው ሳይጀመር ነው የነገረችኝ» አለ።

«ልታሾፍብኝ ነው እንጂ!» አልኩት። «በዚህ ቢላ አይደል ያዋረደችኝ?»

ዓይኑን አፍጦ አየኝ። ደንግጦ ነው ያየኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የገባሽ?»

«ሌላ ምን ሊሆን ነው፣ አባባ ፋኩንዶ?»

«ከኋላ አንድ ቢላ ሲጣል አልሰማሽም?»

«አምልጦት ነው።»

«ምን ሊያመልጠው! ጣለብሽ እንጂ። ሁለተኛው የኔ ሊሆን ነበር። ከሰሌዳዬ ጫፍ አድርሼው ነበር። እናትሽን እኔ አውቃታለሁ፤ አብረን ነው ያረጀነው። ያችን ቃል በአንቺ አፍ ስሰማ ቢላዬን ልጥለው ስል እህትሽ አየችኝ። እጄን አየች። እኔ ከጣልኩ ደግሞ አዳራሹ ሁሉ ይጥላል። ያን ጊዜ ነው የመታችው። መትታም ወደኔ ዞረች፤ ‹ምታ እንጂ፣ ሽማግሌው!› አለችኝ። መታሁ። ምን ላድርግ?»

ቢላውን ጨርቁ ውስጥ መልሼ ጠቀለልኩት።

«ከዚህ መድረክ እንዳትወርጂ ነው» አለ፣ እንደማይገባት ልጅ እያስረዳኝ። ከዚያ ተነስቶ ሄደ።

ሚግዳዬ። ትል እያልኩሽ፣ በእማማ እየሰደብኩሽ፣ አንቺ የፋኩንዶን እጅ ትጠብቂልኝ ነበር።

ሜይ 26፣ ሰኞ

ባህሩ ተናውጧል ይላሉ። አንድ ጀልባ ተገለበጠ ይላሉ፣ መቼ እንደሆነ አይናገሩም። ጋዜጣው ምንም አይልም። ፊደል በፊደል ስለማነበው አውቃለሁ።

ወንበሯ ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች። እጇ ገና ነው፤ ቅጠል ታበላሻለች።

ጁን 2፣ ሰኞ

የያዲራ የድጋፍ ደብዳቤ ተጻፈ። አርሴኒዮ ራሱ ነው ያቀበለኝ።

«የዚያን ቀን ስብሰባ ለበላይ ሪፖርት አድርጌዋለሁ። ሠራተኛው መግለጫውን በቢላ ምት፣ በአንድ ድምፅ ደገፈ ብያለሁ። ሌላ ፋብሪካ እንደዚያ ያለ ድጋፍ አልታየም» አለኝ። ከልቡ ደስ ብሎታል።

አመሰግናለሁ ብዬ ስወጣ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨመረ።

«ብቻ ገርመሽኛል። የእናታችሁን መስመር ትዘልያለሽ ብዬ ነበር።»

በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ብዘለውስ ኖሮ?»

«ምን ይሆናል? ሰው አይደለሽ? ማን ይጠይቅሻል?»

«ወረቀቱን ይዘህ ከኋላዬ ነበርክ።»

«ይዤ ነበር፤ መነጽሬን ግን ቤት ረስቼው ነበር» አለና ሳቀ።

ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ለያዲራ ስል ነው የምለውን ከእንግዲህ ማለት አልችልም። መንገድ ላይ እያለቀስኩ ስሄድ ኤርሜሊንዳ አገኘችኝና «ምን ሆንሽ?» አለች። «ያዲራ ደብዳቤ አገኘች» አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ።

ጁን 13፣ ዓርብ

ዛሬም ከሚግዳሊያ ምንም የለም። ቴሌግራም ቤት ያለችው ሴት ገና ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች።

ልብ ወለዱን ጨረስኩ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳምንቱን ሁሉ ሳዘገየው ነበር፤ ጋዜጣው ረዘመ እያልኩ፣ ጉሮሮዬን አመመኝ እያልኩ። ዛሬ ፋኩንዶ «አንባቢ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሳልሞት ጨርሺው» አለኝ። ጥቂቶች ሳቁ።

የእማማን ቢላ መጽሐፉ አጠገብ አድርጌ አነበብኩ። ሚስትየው ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ዳርቻው ላይ ቆማለች። ሌሎቹ ሴቶች ጥቁር ለብሰዋል፤ እሷ አልለበሰችም። አንድ ሰው በአሸዋው ላይ እያነከሰ ይመጣል። ጢሙ አድጓል፣ አላወቀችውም። እሱ ግን «እራት አለ?» አላት።

መጽሐፉን ዘጋሁት።

ማንም አልመታም። ጠልተውት አይደለም፤ ብዙዎቹ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ሁሉም ቢላውን ይዞ ወደ ፊተኛው ረድፍ ያይ ነበር። አዲሷ ልጅ ሰው ለምን እንደሚያያት ግራ ገብቷት አንገቷን ደፋች። ፋኩንዶ እጁን አነሳ፤ ከዚያ መልሶ አወረደው። የእሱ እንዳልሆነ ገብቶታል። የእኔ እጅ ቢላው ላይ ነበር፤ ለራሷ የምትመታ አንባቢ ግን የለችም። እዚያው መድረክ ላይ ዝምታው መካከል ቆምኩ።

ደወሉ ተደወለ። ሰው ወጣ። ፋኩንዶ እያዘገመ ወደ መድረኩ መጣና ከደረት ኪሱ አንድ ሲጋር አውጥቶ መጽሐፉ ላይ አኖረ። ራሱ የጠቀለለው ነው፤ ከዚያ የተሻለ በዚህ ፋብሪካ አይወጣም።

«የእሷ ነው» አለ።

ሲጋሩ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ከቢላው ጎን።

ተመልሷል፣ ሚግዳ። ውርርዱን ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ። የዚያን ቀን በሩ ላይ ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር፤ አንዲት ቃል ነበረች፣ እሷንም ከለከልኩሽ።